አኑራድሃፑራን ልዝለላት? የስሪላንካ የጥንት ከተሞች ጉዞ፣ ከመነሻው ልጥፍ እስከ 21ኛው ምላሽ

የመነሻ ልጥፍ

በመጪው ሰኔ ከምሠራበት ከዱባይ የ5 ቀን ፈቃድ ስላገኘሁ ስሪላንካን ለማየት ወስኛለሁ። 2ቱን ቀን ለባሕር ዳርቻ ስለያዝኩት ለጥንት ከተሞቹ የሚቀረኝ 3 ቀን ብቻ ነው። ያሰብኩት አንዱን ቀን ለሲጊሪያ አለት፣ አንዱን ለፖሎናሩዋ፣ የቀረውን ለደምቡላ ዋሻዎች መስጠት ሲሆን፣ አኑራድሃፑራን ግን ልዘላት ነው። ምክንያቴን ልናገር። ፎቶግራፎቿን ሳያቸው ትናንት በኖራ የተለሰኑ ነጫጭ ጉልላቶች እንጂ የ2,000 ዓመት ከተማ አይመስሉኝም። ፖሎናሩዋ ግን ጣሪያው የወደቀ፣ ጡቡ የተራቆተ እውነተኛ ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሽ ለማየት ለሚሄድ ሰው ታድሶ የተቀባ ነገር ምን ይረባዋል? ሁለቱንም ያያችሁ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

ይህን ከጻፍኩ 12 ቀን ሆኖታል። ምላሾቹ ስለበዙና አወያዩም በመሃል ክሩን ለአንድ ቀን ዘግቶት ስለነበር፣ በኋላ ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጣቸዋለሁ። የተሰማኝንም ጣል ማድረጌ አይቀርም።

ምላሽ 1። ከአቡ ዳቢ የጻፈው ወንድም ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ተስማማ። ፖሎናሩዋ ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋና ከተማ የነበረች፣ ቅርሶቿም ተቀራርበው የቆሙ ስለሆኑ ብስክሌት ተከራይቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢነሣ ከቀትር በፊት ዋና ዋናውን ማዳረሱን ነገረን። ከሁሉ በላይ የነካው ጋል ቪሃራ ነው፤ ከአንድ አለት የተፈለፈሉ 4 ሐውልቶች ያሉበት ሲሆን የተጋደመው ቡድሃ ርዝመቱ 14 ሜትር ነው። ከአጠገቡ እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመው፣ 7 ሜትር የሚሆነው ሐውልት ግን ቡድሃ ሳይሆን በመምህሩ ሞት የሚያዝነው ደቀ መዝሙሩ አናንዳ ነው ብሎ ጻፈ።

ምላሽ 2። አጭር ምሬት ነበር። እርሱ በሄደበት ጊዜ ለሲጊሪያ ብቻ 30 ዶላር እንደተከፈለና የአገሬው ሰው ግን በጥቂት ሩፒ እንደሚገባ ጠቅሶ አለፈ። ላሊበላም የውጭ ዜጋን ለብቻው እንደሚያስከፍል የረሳ ይመስላል።

ምላሽ 3። እኚህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ምላሽ በትሕትና አረሙ። የአናንዳ ትረካ ለረጅም ጊዜ የተነገረ ቢሆንም፣ ሐውልቶቹ በጥንቱ ጊዜ እያንዳንዳቸው በጡብ ግድግዳ በተለየ የየራሳቸው ክፍል ውስጥ እንደነበሩ ከቀረው ምልክት ስለሚታይ፣ የቆመው ለተጋደመው ያለቅሳል የሚለው አያስኬድም፤ በመሆኑም ብዙ ተመራማሪዎች የቆመውም ቡድሃው ራሱ ነው ይላሉ። ቀጥለው ያስተዋሉትን አንድ ነገር ጻፉ፤ እኔ በዚህ ምላሽ ምክንያት ፎቶግራፉን ደግሜ ከፍቼ አይቼዋለሁ። የተጋደመው ቡድሃ ራሱን ያሳረፈበት የድንጋይ ትራስ፣ ልክ እንደ ጥጥ ትራስ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጎድጎድ ብሎ ተቀርጿል። የላይኛው እግሩም ከታችኛው ጥቂት ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል፤ እንቅልፍ ተኝቶ ሳይሆን ከዚህ ዓለም ዐርፎ መሆኑን ቀራጩ የተናገረው በዚያች ጣት በማታህል ልዩነት ነው። አሁን ከላይ ስለተሠራው የብረት መጠለያ ግን ደስ አላላቸውም፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተዘረጋውን ያየ ሰው ቅሬታቸውን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ምላሽ 4። በቀጥታ የተቃወመችኝ የመጀመሪያዋ ይህች እኅት ናት። ሩዋንወሊሳያ የተባለውን ታላቅ ዳጎባ (ስቱፓ የተባለውን የቡድሂስቶች ጉልላት በአገሩ እንዲህ ነው የሚሉት) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዱቱገሙኑ እንዳሠራው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ መስሎ ይታይ እንደነበረና ምእመናኑ እንደገና እንዳቆሙት አስረዳች። ሲሠራም ነጭ ነበረ፤ ስለዚህ ኖራው ለጎብኚ የተቀባ ሳይሆን የሕንፃው ልብስ ነው። ሰዉ ራሱ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አበባውን በሁለት እጁ ይዞ በስተቀኙ እያደረገ ሲዞረው ስታይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን የወጣች እናቷ ትዝ እንዳለቻት ጻፈች። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጣለችልኝ፦ ጣሪያው የተለወጠ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለእኔ ጥንታዊነቱ ቀርቶ ነውን? መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም።

ምላሽ 5። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ጠነከረ። በሕንፃ ሥራ ላይ መሆኑን የገለጸው ጸሐፊ የ4ኛዋን ምላሽ በስሜት የተጻፈ አለው። ሚሪሳወቲያ የተባለው ዳጎባ በእድሳት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1987 እንደተደረመሰና አሁን የቆመው በ1993 የተጠናቀቀ መሆኑን ጠቅሶ፣ ያንን እያዩ ጥንታዊ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው አለ። እኔን ግን ከእርሷም የበለጠ ገሠጸኝ፤ ምክንያቱም የተራቆተ ጡብ ፈልጌ አኑራድሃፑራን መዝለሌ ምንም አለማንበቤን ያሳያል። ጀታቫናራማያ የተባለውን የዚያችኑ ከተማ ዳጎባ ንጉሥ ማሃሴና ሲያስጀምረው (ዘመኑ ከ273 እስከ 301 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ነው) 122 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከእርሱ የሚበልጡት የጊዛ 2 ፒራሚዶች ብቻ ነበሩ። የገቡበት ጡቦች 93 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ዛሬ 71 ሜትር ቀርቶታል፤ ኖራም አልተቀባም፤ እንደ ቀይ ተራራ ቆሟል። ስድቡን ዋጥ አድርጌ አመሰገንኩት። ልክ ነበር።

ምላሽ 6 እና 7። ከ122 ሜትሩ ጋር የአክሱም ሐውልት ተነሣ። 6ኛው፣ የወደቀው ትልቁ የአክሱም ሐውልት 33 ሜትር መሆኑን ጠቅሶ፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው የሚል ነገር ወረወረ። 7ኛው ሰው ንዴቱን መደበቅ አልቻለም፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ፈልፍሎና ተሸክሞ ማቆምን ጡብ በጡብ ላይ ከመደርደር ጋር ማወዳደር ሚዛንን አለማወቅ ነው አለ። ሁለቱም ወደ ቁም ነገሩ አልተመለሱም፤ ስለዚህ እኔም አልፋቸዋለሁ።

ምላሽ 8። አኑራድሃፑራ፣ ፖሎናሩዋና ሲጊሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1975 ነው ሲል ጻፈ። ሁለት ሰዎች ወዲያውኑ በ1982 ነው ብለው አረሙት። የጠቡን ምክንያት ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ እርሱ በእኛ አቆጣጠር ነበር የጻፈው፤ ምዝገባው ታኅሣሥ ላይ ስለዋለ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው።

ምላሽ 9። የመስኖ መሐንዲስ ናቸው፤ የክሩ ምርጥ ምላሽ የእርሳቸው ይመስለኛል። ሁላችንም ስለ ጡብና ስለ ሐውልት ስንከራከር ከተሞቹን ያኖራቸውን ውኃ ረስተናል ብለው ጀመሩ። ዙሪያው ደረቅ ምድር ነው፤ ዝናቡ በጥቂት ወራት ይወርድና ያልቃል። ስለዚህ ነገሥታቱ አስቀድመው የሠሩት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዳቱሰና ያሠራው ካላ ወዋ የተባለው ሐይቅ ውኃውን ወደ አኑራድሃፑራ የሚልከው 87 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦይ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 27 ኪሎ ሜትሮች ላይ ተዳፋቱ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እርሳቸው ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ ይህን ያህል ለጥ ያለ ቦይ ሲያወጡ እንደሚጨነቁ አልሸሸጉም። በፖሎናሩዋም ከ1153 እስከ 1186 የነገሠው ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ከሰማይ የወረደች አንዲት የውኃ ጠብታ እንኳ ለሰው ሳትጠቅም ወደ ባሕር እንዳትፈስ ማለቱ ይነገርለታል፤ ባሕር ተብሎ የተሰየመው ሐይቁ አሁንም የሩዝ ማሳ ያጠጣል። ምክራቸውም ግልጽ ነበር፤ ዳጎባውን ከማየቴ በፊት ማለዳ በሐይቁ ግድብ ላይ ልራመድ።

ምላሽ 10። ዳቱሰና ከተነሣ ዘንድ ብሎ የሲጊሪያን ታሪክ ያመጣው ይህ ሰው ነው። የጥንቱ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ልጁ ካሽያፓ ዙፋኑን ነጥቆ አባቱን ሀብትህን አሳየኝ ባለው ጊዜ፣ ሽማግሌው ወደ ካላ ወዋ ወስዶት ከሐይቁ ውኃ በእፍኙ ዘግኖ ያለኝ ሀብት ይህ ብቻ ነው አለው። ካሽያፓም አስገደለው፤ ከዚያም የወንድሙን በቀል ፈርቶ በሜዳው መካከል ብቻውን በቆመ፣ ወደ 200 ሜትር በሚጠጋ አለት አናት ላይ ቤተ መንግሥቱን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ495 ወንድሙ ከሕንድ ጦር ይዞ ሲመለስ አለቱ አላዳነውም። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ወደ ተግባራዊው ነገር ገባ፦ ደረጃው ወደ 1,200 የሚጠጋ ስለሆነ በማለዳ መውጣት፣ በሰሌዳ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸውን የተርብ ቀፎዎች በጩኸት አለማወክ፣ ከግርግዳው ሥዕሎች ዘንድ ደግሞ ፎቶግራፍ አለማንሳት። የመስተዋቱ ግንብ በተባለው ልስን ላይ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጡ ጎብኚዎች የተሳሉትን ሴቶች ውበት እያደነቁ ግጥም ጭረውበታል። ዛሬ ግን ስሙን ሊጭር የሚሞክር ይታሰራል። አንዳንዱ ነገር ቅርስ የሚሆነው ቀድሞ ስለተደረገ ብቻ ነው መሰለኝ።

ምላሽ 11። ክሩ የተጋጋለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው፣ አጻጻፉ እንደሚያሳየው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው፣ ክርስቲያን ወደ ጣዖት ቤት ገብቶ ጫማውን ካወለቀ ሰገደ ማለት ነው ሲል በብርቱ ወቀሰኝ። የ4ኛዋን እኅት ደግሞ የእናቷን ነጠላ ከዚያ ጋር በማስተያየቷ ንስሐ እንድትገባ መከራት።

ምላሽ 12። እርሷው ራሷ መለሰች፤ ቁጣዋን በጥቅስ ጠቅልላ ነው። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከተፈወሰ በኋላ፣ ጌታውን ደግፎ በሬሞን ቤት ለሚሰግደው ስግደት ይቅርታ በጠየቀ ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ በሰላም ሂድ እንዳለው አስታወሰች፤ እርሷ ደግሞ አልሰገደችም፤ ቆማ ነው ያየችው። የጎረቤቷ ሙስሊሞች ቤት ስትገባም ጫማዋን ታወልቃለች።

ምላሽ 13። 11ኛው ሰው ተመልሶ፣ ንዕማን በንጉሥ ትእዛዝ ተገዶ ነው፤ እናንተን ግን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ዶላር ከፍላችሁ ሂዱ ያላችሁ ማነው ብሎ ጠየቀ። ክርክሩን ሳልደግፈው ክርክር ማወቁን ግን አልክድም። ከዚህ በኋላ ቁጥር ያልተሰጣቸው፣ የተሰረዙ ጥቂት ምላሾች ተከተሉ፤ አወያዩም ክሩን ለአንድ ቀን ዘጋው።

ምላሽ 14። ክሩ ሲከፈት የጻፈችው አስጎብኚ ነበረች፤ የነገሩን ትኩሳት ሆን ብላ ያበረደችው ይመስለኛል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው፤ ለወንዱ ቁምጣ ከሆነ ሽርጥ ቢይዝ ይበጃል። ጫማና ባርኔጣ ይወልቃሉ፤ ካልሲ ግን ይፈቀዳል፤ ከቀትር በኋላ በፀሐይ የጋለውን የድንጋይ ንጣፍ በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው የካልሲን ዋጋ ያውቃል። ለሐውልቱ ጀርባ ሰጥቶ ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ መነሣት ነውር ነው። ንቅሳትም አደጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ በክንዷ ላይ የቡድሃ ምስል ስላለባት ብቻ ታስራ ከአገር እንድትወጣ ተደርጋለች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በደሉን አይቶ ካሣ ፈርዶላታል።

ምላሽ 15። አንዱ በግንባሯ መስቀል የተነቀሰች አያቱ ብትሄድ ትታሰር ይሆን ብሎ ጠየቀ። ቀልዱን ወይስ እውነቱን እንደሆነ አልታወቀም፤ 14ኛዋ ግን በቁም ነገር አይመለከታቸውም ብላ መለሰችለት።

ምላሽ 16። ታሪክ አስተማሪ የሆኑ አባት አዱሊስን አመጡ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስ ደርሶ የዙፋኑን ጽሑፍ የገለበጠው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ ስሪላንካን ታፕሮባኔ ብሎ እየጠራ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች የሚገናኙባት ደሴት መሆኗን ጽፏል። ሶፓጥሮስ ስለሚባል የሮም ነጋዴም ይተርካል፤ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ወደ ደሴቲቱ ሄደ፤ በንጉሡ ፊት የፋርሱ ሰው የእኛ ንጉሥ ይበልጣል ሲል፣ እርሱ የሁለቱ ነገሥታት ገንዘብ ይቅረብና ይመዘን አለ፤ የሮሙ ወርቅ የፋርሱን ብር አሳፈረው። መምህሩ የጨመሩት እርግጠኛውን ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ዘመን የደሴቲቱ መናገሻ ከሞላ ጎደል አኑራድሃፑራ ነበረች፤ በከተማይቱ ፍርስራሽም እ.ኤ.አ. በ1912 በድንጋይ ላይ የተቀረጸ መስቀል ተገኝቷል። ስለዚህ እኔ ልዝለላት ያልኩት ከተማ፣ የእኛ ወደብ ሰዎች ወሬዋን የሰሙባት ናት። በዚህ ጊዜ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት፤ ለክርክሩ ሁሉ ሳይሆን ለአዱሊስ ስል መለወጤ ትንሽ ያሳፍራል።

ምላሽ 17። በጥንቃቄ የተጻፈ እርማት ነበር፤ ኮስማስ ራሱ ደሴቲቱን ማየቱ አከራካሪ ነው፤ የሶፓጥሮስንም ታሪክ የሰማው ከሌላ ነው። በዓይኑ ያየውን የጻፈ መንገደኛ ከተፈለገ ግን ቻይናዊው መነኩሴ ፋሽየን አለ፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ደሴቲቱ መጥቶ 2 ዓመት ተቀመጠ፤ በአኑራድሃፑራ አባያጊሪ ገዳም 5,000 መነኮሳት እንዳሉም መዝግቧል። አንድ ቀን በዚያ ገዳም ከአረንጓዴ የከበረ ድንጋይ በተሠራው ቡድሃ አጠገብ፣ አንድ ነጋዴ ከቻይና የመጣ ነጭ የሐር ማራገቢያ ሲያቀርብ አየ፤ ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበርና እንባው ሳያስበው ወረደ። ከዚህ በታች ከሪያድ፣ ከቤይሩትና ከቴል አቪቭ የመጡ 3 ሰዎች ያለ አንዳች ቃል የወደዱት መሆኑን ብቻ ምልክት አድርገዋል።

ምላሽ 18። የባጃጅ ሾፌር ከሲጊሪያ መልስ በአቋራጭ እወስድሃለሁ ብሎ አንድ የከበረ ድንጋይ መሸጫ ውስጥ 2 ሰዓት ያስቀመጠው ሰው ታሪክ ነው። የሱቁን ስም ጽፎት ስለነበር አወያዩ አውጥቶታል። ዋጋንና መንገድን ከመነሣት በፊት መነጋገር እንደሚበጅ ያስተማረው ያ ቀን ነው።

ምላሽ 19። የሰኔ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ፖሶን የሚባል በዓል እንደሆነ አስታወቀኝ፤ የሕንዱ ንጉሥ የአሾካ ልጅ ማሂንዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚሂንታሌ ተራራ ላይ ከንጉሥ ደዋናምፒያ ቲሳ ጋር ተገናኝቶ ቡድሂዝምን ያስተማረበት መታሰቢያ ነው። ሚሂንታሌ ከአኑራድሃፑራ አጠገብ ስለሆነች መንገዱ በነጭ ለባሽ ይሞላል፤ ማረፊያ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ መጠጥም አይሸጥም። ፍርስራሽ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሌላ ሳምንት ይምረጥ፤ ሕያው ከተማ ማየት የሚፈልግ ግን በዚያው ይሂድ አለ። የማሂንዳ እኅት ሳንጋሚታ ከሕንድ ያመጣችው የቦዲ ዛፍ (ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ የሚባልበት ዛፍ) ቡቃያ እስከ ዛሬ በአኑራድሃፑራ ቆሟል፤ የእኛ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ሰው ተክሎት ዘመኑ ከተመዘገበ ዛፍ ሁሉ የሚበልጠው የለም ይባላል። ቅርንጫፎቹን የወርቅ ቅብ ምሰሶ ደግፏቸዋል። ቅጠሉን መቀንጠስ ክልክል ነው፤ በራሱ የወደቀውን ግን ምእመናኑ ተሻምተው አንሥተው በመጽሐፍ መሃል ያስቀምጡታል።

ምላሽ 20። ከቤይሩት የጻፈችው እኅት በአንድ ቤት አብራት የምትሠራው ሴት የአኑራድሃፑራ ልጅ እንደሆነች ነገረችን። ወደ አገሯ ከተመለሰች 6 ዓመት አልፏታል። 19ኛውን ምላሽ ወጥ ቤት ቆማ ስትተረጉምላት፣ እጇን ከሳሙናው አውጥታ በመጥረጊያ ካደረቀች በኋላ አንድ ነገር ለመነች፤ የሚሄደው ሰው የወደቀ ቅጠል ካገኘ በፖስታ ይላክልኝ።

እኔም ወዲያው እሺ ልል ጀምሬ 11ኛውን ሰው አስታውሼ ተውኩት። የሌላውን እምነት ቅጠል ተሸክሜ መሻገሬ ለእርሱ ምን እንደሚመስለው በግልጽ ጠየቅኩት።

ምላሽ 21። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ አጭር ነበር። ንዕማን ከእስራኤል ምድር ሲሄድ የ2 በቅሎ ጭነት አፈር መጠየቁን እኅታችን በጥቅሷ ውስጥ ዘልላዋለች አለ። ሰው ከሚያምንበት ምድር ጥቂት ቢሸከም አያስገርምም፤ እኛም ከገዳም ጠበልና እምነት በጠርሙስና በወረቀት ቋጥረን ባሕር እናሻግራለን። ጫማዬን ስለማውለቅ ያለውን ሐሳብ አልለወጠም፤ ቅጠሉ ግን ለባለቤቷ ይድረስ ሲል ጻፈ፤ በፖስታ ከሆነ በሁለት ካርቶን መካከል ካልተደረገ እንደሚሰባበርም አክሏል።

ቲኬቱን ለፖሶን ሳምንት ቆርጫለሁ። የባሕር ዳርቻውን ሁለት ቀን ለአኑራድሃፑራ ሰጥቻታለሁ፤ ደምቡላን በመንገዴ አያታለሁ። ማረፊያ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ በከተማይቱ የምታውቁት ንጹሕ የእንግዳ ቤት ካለ በ22ኛው ምላሽ ጻፉልኝ።